ነጥቡን አምጥታ በሩን ያጣችው ልጅ

የእህቴ ልጅ የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰደችው በ2016 ዓ.ም ነው። ውጤት የወጣ ዕለት እህቴ በጠዋቱ ደወለችልኝ። እህቴ ከጂንካ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ናት። እዚያው አግብታ፣ ወልዳ መኖር ከጀመረች 20 ዓመት ሊሞላት ነው። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ «አለፈች... ልጄ አለፈች...» የሚለው ብቻ ነበር የሚሰማኝ። ቀጥሎ እልልታ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

እልልታው ሲያንስ ነው። በዚያ ዓመት በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። የእሷ ትምህርት ቤት አራት ልጆች አሳለፈ፤ እሷ 54 ከመቶ አምጥታ ከአራቱ ሁለተኛ ሆነች። ላብራቶሪን በመጽሐፍ ሥዕል ብቻ የምታውቅ፣ 11ኛ ክፍል ላይ አንድ ሙሉ ሴሚስተር የፊዚክስ መምህር ያልነበራት ልጅ ናት።

የተወሰኑ ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ማታ ራሷ ደወለች።

«ጋሼ፣ እኔ ሶፍትዌር ነው መማር የምፈልገው። የራሱን ፈተና የሚሰጥ ዩኒቨርሲቲ አለ አሉኝ። ምዝገባው መቼ ነው የሚጀመረው?»

ስልኬን ከፍቼ ማስታወቂያውን ፈለግኩት። ምዝገባው ተጀምሮ፣ ተጠናቆ፣ ከተዘጋ አራት ቀን ሆኖታል።

«አልቋል» ስላት ለትንሽ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ 50 ካመጣን ገባን ማለት አይደለም እንዴ?»

መልስ አልነበረኝም። ይባስ ብሎ፣ እኔ ጋዜጠኛ ነኝ። ያንን የምዝገባ ማስታወቂያ ከሁለት ሳምንት በፊት በዓይኔ አይቼው ነበር። አይቼ አለፍኩት። ከጂንካ ወዲያ ለምትኖር የገዛ እህቴ ልጅ እንደሚሆን ትዝ እንኳን አላለኝም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ ብዬ አይደለም፤ ተከሳሽ ከተፈለገ የመጀመሪያው እኔ ነኝ።

እስቲ የጠየቀችኝን ጥያቄ አብረን እንየው። በኢትዮጵያ ዛሬ «ዩኒቨርሲቲ መግባት» ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙዎቻችን ጭንቅላት ውስጥ ያለው የድሮው ሥርዓት ነው። እኔ 12ኛ ክፍልን የጨረስኩት በ2000 ዓ.ም ነው። ያኔ በሩ አንድ ነበር። ትምህርት ቤት ውስጥ ፎርም ይሰጠናል፤ የምንፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎችና የትምህርት መስኮች በቅደም ተከተል እንሞላለን፤ ፈተናውን እንወስዳለን። ከዚያ የመግቢያ ነጥብ ይቆረጣል። ነጥቡ እንደ ዓመቱና እንደ ዩኒቨርሲቲዎቹ የመቀበል አቅም ከፍ ዝቅ ይላል። ካለፍክ መንግሥት ይመድብሃል። ያኔ 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች እየተከፈቱ ስለነበር፣ ሕግ ለመማር አዲስ አበባን አንደኛ አድርጌ የሞላሁት ሰውዬ ግንባታው ካላለቀ አዲስ ግቢ ውስጥ ጋዜጠኝነት ተማርኩ። አኩርፌ ነበር። ግን አንድ ነገር አውቅ ነበር፦ አንደኛ ሆኖ የገባውም፣ መጨረሻ ላይ ተንጠልጥሎ ያለፈውም በአንድ ፎርምና በአንድ ፈተና ነው የተለካው። ሌላ ያመለጠኝ ፎርም አልነበረም።

ዛሬ ግን በሩ ብዙ ነው።

አንደኛው በር የትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ነው። አብዛኛው ተማሪ የሚገባው በዚህ ነው። ብሔራዊ ፈተናውን ያለፈ ተማሪ የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን በኢንተርኔት ይሞላል፤ ውጤቱና ምርጫው እየታየ ከ40 በላይ ከሆኑት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ወደ አንዱ ይመደባል።

ሁለተኛው በር የሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች፣ የአዲስ አበባውና የአዳማው ነው። እነዚህ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎችን በራሳቸው የመግቢያ ፈተና እየመረጡ ሲቀበሉ ቆይተዋል። የ12ኛ ክፍል ውጤት እዚያ ለመፈተን የሚያበቃ ትኬት ነው እንጂ መግቢያ አይደለም።

ሦስተኛው በር የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1943 ዓ.ም የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው አንጋፋው ተቋም በ2015 ዓ.ም የወጣውን ሕግ ተከትሎ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ራስ ገዝ መሆን ማለት ከሌላው ሌላ ተማሪውን ራሱ መምረጥ ማለት ነው። ስለዚህ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጣ ተማሪ ለብቻው ያመለክታል፤ የዩኒቨርሲቲውን የቅድመ ምረቃ መግቢያ ፈተና ይወስዳል።

አራተኛው በር ሪሜዲያል ነው። 50 ያልሞላላቸው ግን ለ50 የተጠጉ ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ገብተው የማካካሻ ትምህርት ይማራሉ፤ ተፈትነው ካለፉ ወደ አንደኛ ዓመት ይቀጥላሉ። እዚህ በር ላይ መቁረጫው ለሁሉም አንድ አይደለም። ለወንድና ለሴት፣ ለተፈጥሮና ለማኅበራዊ ሳይንስ፣ ለአዳጊ ክልሎችና ለሌላው፣ ለአካል ጉዳተኞች የተለያየ ነጥብ ይወጣል።

አምስተኛው በር ደግሞ ግቢ ውስጥ ነው። ዛሬ የምትመደበው ወደ ትምህርት ክፍል ሳይሆን ወደ ዩኒቨርሲቲ ነው። ፍሬሽማን ተምረህ፣ የ12ኛ ክፍል ውጤትህና የፍሬሽማን ውጤትህ ተደምሮ፣ ከዚያ ነው ሕክምና ወይም ሶፍትዌር የሚለው የሚለየው። የትኛው ውጤት ስንት እጅ እንደሚይዝ፣ ስንት ተማሪ እንደሚወሰድ ካላወቅክ የምትወዳደረው ሳታውቀው ነው።

እንግዲህ «50 ካመጣን ገባን ማለት አይደለም እንዴ?» ላለችው ልጅ ትክክለኛው መልስ ይህ ነበር፦ አይደለም ልጄ። ግቢው ውስጥ ገባሽ፤ የቤቶቹ በር ግን ገና ነው።

አንባቢ «ታዲያ አንተ የምትለው ወደ ድሮው እንመለስ ነው?» ሊለኝ ይችላል። አይደለም። እንዲያውም ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪያቸውን ራሳቸው ይምረጡ የሚለውን ሐሳብ ደግፌ የተከራከርኩ ሰው ነኝ። ዛሬም እደግፈዋለሁ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንዱ ፈተና ታማኝነቱን ያጣባቸውን ዓመታት አንረሳም። በ2008 ዓ.ም የፈተና ወረቀቱ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው ተሰርዞ፣ ልጆቻችን በክረምት እንደገና ተቀምጠዋል። ከዚያም በኋላ የስርቆትና የኩረጃ ወሬ አልጠፋም። የ2014ቱ ተማሪዎች ከየትምህርት ቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ እንዲፈተኑ ሲደረግ እውነቱ ፍጥጥ ብሎ ወጣ፤ ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተፈታኞች ግማሹን ነጥብ ያገኙት 30,000 አልሞሉም። 3.3 ከመቶ። በ2015ም 3.2 ከመቶ። በዚያው በ2015 ዓ.ም ክረምት በአገር አቀፍ ደረጃ የመውጫ ፈተና ሲሰጥ፣ ከተፈተኑት ተመራቂዎች ያለፉት ከግማሽ በታች ነበሩ። መግቢያው ላይ ያልተጣራ መውጫው ላይ እንደሚጋለጥ አየን።

እንዲህ ባለ አገር አንድ ዩኒቨርሲቲ «ወረቀቱን አይቻለሁ፤ ግን ልጁን ራሴ ልፈትነው» ቢል ምን ያስፈርድበታል? ደግሞም ዩኒቨርሲቲዎቹ አንድ ዓይነት ሥራ የላቸውም። የምርምር፣ የአፕላይድ ሳይንስና አጠቃላይ ተብለው ተለይተዋል። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ጎንደር፣ ሐዋሳ፣ ሐሮማያ የመሳሰሉት ስምንቱ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች የሚፈልጉት ተማሪ ተግባር ተኮር ትምህርት ላይ የሚያተኩረው ከሚፈልገው ቢለይ ተገቢ ነው። ተልዕኮ ሲለይ መስፈርት ይለያል። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተራ በተራ ራስ ገዝ ይሆናሉ ተብሏል፤ ያኔ በሮቹ ከዛሬውም ይበዛሉ።

ስለዚህ መስፈርቱ መለያየቱ አይደለም ያሳዘነኝ። ያሳዘነኝ ማንም ያልጻፈው አንድ ተጨማሪ መስፈርት መኖሩ ነው። ወሬው ደርሶሃል ወይስ አልደረሰህም?

ላስረዳ። እኔ አዲስ አበባ የምኖርበት ግቢ ውስጥ የአከራዬ ልጅ አለ። ጎበዝ፣ ጨዋ ልጅ ነው። እሱም በዚያው ዓመት ተፈትኖ 53 ከመቶ አመጣ፤ ከእህቴ ልጅ በአንድ ያንሳል። ነገር ግን እሱ ገና ውጤት ሳይወጣ የትኛው ዩኒቨርሲቲ የራሱን ፈተና እንደሚሰጥ፣ ጥያቄው ምን እንደሚመስል ያውቅ ነበር። ትምህርት ቤቱ ነግሮታል። የቴሌግራም ግሩፕ አላቸው። አባቱ የሚከፍልለት አስጠኚ አለው። ኮምፒውተር ላይ መፈተን ለእሱ ጌም ከመጫወት አይለይም። ምዝገባው በተከፈተ ዕለት ማታ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ተመዘገበ፤ ተፈተነ፤ ገባ። ደስ ብሎኛል፤ እንኳን ደስ አለህ ብዬ ስሜዋለሁ።

የእህቴ ልጅ በዚያው ማታ ምን ታደርግ ነበር? አላውቅም። ምናልባት ውኃ ቀድታ እየተመለሰች ይሆናል። ትምህርት ቤቷ ለክረምት እንደተዘጋ ነው፤ የሚነግራት መምህር የለም። ሰምታ ቢሆን እንኳን ሰነዷን ስካን የሚያደርግላት ኢንተርኔት ቤት ለማግኘት ጂንካ መውረድ አለባት። ተመዝግባ ቢሆን እንኳን ለፈተና አዲስ አበባ ድረስ ነይ ብትባል፣ በአርባ ምንጭ በኩል አንድ ሌሊት አድራ፣ በሁለተኛው ቀን ነው የምትደርሰው። ለ18 ዓመት ሴት ልጅ ብቻዋን ያንን መንገድ! እናቷ አብራት ትምጣ ቢባል የሁለት ሰው ትራንስፖርት፣ የሁለት ሰው አልጋ፣ ከሥራ ፈቃድ። ከነርስ ደመወዝ ላይ አስሉት።

በወረቀት ላይ ሁለቱም «50 እና ከዚያ በላይ» ናቸው። በተግባር ግን አንዱ ለውድድሩ ቀርቧል፤ ሌላዋ ውድድር መኖሩን የሰማችው ካለቀ በኋላ ነው። ላለው ይጨመርለታል ማለት ይሄ ነው።

እዚህ ላይ የምንሸሸው ጥያቄ አለ። 54 እና 53 ምንድን ናቸው? ከአራት ልጆች በላይ ባላለፈበት ትምህርት ቤት፣ መምህር በሌለበት ክፍል የመጣ 54 እና፣ ክፍሉ በሙሉ አስጠኚ ባለው ትምህርት ቤት የመጣ 53 እኩል ናቸው? የትኛው ነው የበለጠ ጉልበት የጠየቀው? አንድ ዩኒቨርሲቲ ወደፊት የሚያድግ ተማሪ የሚፈልግ ከሆነ የትኛውን ማየት አለበት?

ይህን ስል «ደረጃ ይውረድ እያልክ ነው» የሚሉኝ አሉ። አንድ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ «ሐኪም ስታከም የመጣበትን ወረዳ አልጠይቀውም፤ ችሎታውን ነው» ብሎኛል። እውነቱን ነው። ግን ችሎታውን የምንለካው ሲመረቅ ነው፤ ለዚያም የመውጫ ፈተናው አለ፤ እሱ ለሁሉም አንድ ነው። መግቢያው ላይ የምንለካው እስካሁን የደረሰበትን ብቻ ሳይሆን ሊደርስ የሚችልበትንም ጭምር ነው። ደግሞ መንግሥት ራሱ ይህንን በሪሜዲያል አምኖበታል። ከአዳጊ ክልል የመጣ ልጅ ነጥብ ብቻውን ሙሉ ታሪኩን አይናገርም ብሎ መቁረጫውን ለይቷል። ጥያቄዬ፣ ይህ እምነት እታችኛው በር ላይ ብቻ ለምን ይቆማል? የተፈላጊዎቹ በሮች ጋ ሲደርስ ምን ያህል እንደሚሠራ ለምን በግልጽ አይነገረንም?

ከቅሬታ ባለፈ እኔ የምጠይቀው አራት ነገር ነው። አራቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

አንደኛ፣ የቀን መቁጠሪያው አንድ ይሁን። የራሳቸውን ፈተና የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የምዝገባ ቀናቸውን፣ መስፈርታቸውንና የውጤት አያያዛቸውን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከመሰጠቱ በፊት ያውጡ። ሁሉም በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ተማሪው ለፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲገባ እጁ ላይ ይሰጠው። በፈተናው ሰሞን ብዙ ተፈታኝ ግቢ ውስጥ ነው፤ ከዚህ የተሻለ የማስታወቂያ ሰሌዳ ከየት ይመጣል?

ሁለተኛ፣ ፈተናው ወደ ልጁ ይሂድ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲዎቹ ግቢ ሲሰጥ አይተናል። የእህቴ ልጅ በተፈተነችበት ግቢ ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል አለ። የአንዱ ዩኒቨርሲቲ የመግቢያ ፈተና ሌላው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቢሰጥ ምን ይከብዳል? ልጁ በተፈተነበት ግቢ፣ በዚያው ወንበር ይፈተን።

ሦስተኛ፣ ውጤቱ ሲወጣ ገቢዎቹ ከየት እንደመጡ ይነገረን። ስም አልጠይቅም። ከየትኛው ክልል፣ ከከተማ ወይስ ከገጠር ወረዳ፣ ከመንግሥት ወይስ ከግል ትምህርት ቤት፣ ስንት አመለከተ፣ ስንት ገባ? ያ ሰንጠረዥ በየዓመቱ ቢወጣ እኔም ከግምት እድናለሁ፤ ዩኒቨርሲቲዎቹም ራሳቸውን ያዩበታል።

አራተኛ፣ የውስጡም በር ይጻፍ። ከፍሬሽማን ወደ ትምህርት ክፍል የሚደረገው ድልድል በየዩኒቨርሲቲው ምን እንደሚመስል ተማሪው ምርጫውን ከመሙላቱ በፊት ይወቀው። አንዱ ግቢ ውስጥ የሚያስገባ ውጤት ሌላው ግቢ ውስጥ ላያስገባ ይችላል። ልጅ ምርጫ ሲሞላ የሚመርጠው የከተማ ስም ሳይሆን ዕድሉን መሆን አለበት።

የእህቴ ልጅ አሁን የት ናት? በምደባ ከቤቷ ሩቅ ያልሆነ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። ፍሬሽማንን በጥሩ ውጤት ጨርሳለች። ሶፍትዌር ግን አልሆነላትም፤ የነበረው ቦታ ትንሽ ነበር፤ ሌላ የምህንድስና ክፍል ገባች። ባለፈው ለበዓል ስንገናኝ ደህና ናት፤ ትስቃለች፤ ስለ ዶርም ጓደኞቿ፣ ስለ ካፌው ሽሮ ታወራለች። ሊኮንናት የሚችል ማንም የለም፤ ሕይወቷም አልተበላሸም። እኔም አዲስ አበባ ሳልገባ ይኸው እጽፋለሁ።

ግን ቡና እየተጠጣ፣ እናቷ ጓዳ ስትገባ ጠብቃ ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ያኔ ተፈትኜ ቢሆን አልፍ ነበር?»

ብትወድቅ ኖሮ ይህን ጥያቄ አትጠይቅም ነበር። ተፈትኖ የወደቀ ልጅ ልኩን አውቆ ይቀመጣል፤ ወይ ለሚቀጥለው ይዘጋጃል። ሳይፈተን የቀረ ግን ዕድሜውን ሙሉ «ቢሆን ኖሮ» እያለ ይኖራል። እኔ ለእህቴ ልጅ ያ ማስታወቂያ ሳይደርሳት የቀረው በሁለት ደቂቃ ቸልተኝነት ነው። ያቺን ደቂቃ ማንም ሊመልስልኝ አይችልም።

በ2017 ዓ.ም ያለፉት ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ብለዋል። ቁጥሩ እያደገ ከሄደ ተፈላጊዎቹ በሮች ጋ የሚቆመው ሰልፍ ይረዝማል፤ የመስፈርቱም ነገር ከዛሬው የበለጠ ያጨቃጭቀናል። እስከዚያ የራሳችንን እናድርግ። ከተማ ያላችሁ፣ ኢንተርኔት ያላችሁ፣ ይህን ቻናል የምታነቡ ሁሉ፦ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል የሚፈተን የዘመድ ልጅ ገጠር ወይም ወረዳ ከተማ ውስጥ አላችሁ? ውጤት እስኪወጣ አትጠብቁ። ዛሬ ደውሉና ስንት በር እንዳለ ንገሩት። የምዝገባ ማስታወቂያ ስታዩ ደግሞ እንደ እኔ አይታችሁ አትለፉ፤ ኔትወርክ ባይሠራ እንኳን ተደጋግሞ ይደወላል።